ኮርድ ከቅኝቱ ይወለድ

የኢትዮጵያ ቅኝቶች አምስት ድምፆች ብቻ ስላሏቸው ለጃዝ ሃርመኒ አይበቁም፤ ስለዚህ ሁለት ድምፆች ተጨምረውላቸው ወደ ሰባት ድምፅ ስኬል ማደግ አለባቸው የሚል አስተሳሰብ በአንዳንድ መምህራንና አቀናባሪዎች ዘንድ ይደመጣል። ይህ አስተሳሰብ የዘመናዊነት ካባ ይደርብ እንጂ የሃርመኒን ሀሁ ያላጤነ ነው።

ኮርድ ከሰማይ የወረደ ሕግ አይደለም፤ የስኬል ልጅ ነው። በሰባቱ ድምፆች ላይ አንዱን እየያዙ ቀጣዩን እየዘለሉ ቢሄዱ፣ ከሬ ተነሥቶ ሬ፣ ፋ፣ ላ፣ ዶ ይገኛል፤ ከሶል ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ፤ ከዶ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ሲ። ጃዝ አዘውትሮ የሚጓዘውም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። የሶልን ኮርድ ወደ ዶ የሚገፋው በፋና በሲ መካከል ያለው ውጥረት ነው።

ሜጀር ትዝታ ግን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። በውስጡ የሌሉት እነዚያው ፋና ሲ ናቸው። እንግዲህ ይህን ጉዞ በትዝታ ላይ ያለ ማስተዋል መጫን፣ ቅኝቱ የተዋቸውን ድምፆች በየማሳረጊያው እያስጮኹ ጠባዩን ማጥፋት ነው።

ያው የመዝለል ስልት በራሱ በትዝታ ላይ ቢሠራስ? ዶ፣ ሚ፣ ላ፤ ሬ፣ ሶል፣ ዶ፤ ሚ፣ ላ፣ ሬ፤ ሶል፣ ዶ፣ ሚ፤ ላ፣ ሬ፣ ሶል ይገኛሉ። ከአምስቱ ሦስቱ በአራተኛ ርቀት የተደረደሩ ኮርዶች ናቸው። ይህ ድምፅ ለጃዝ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1959 በተቀረጸው የማይልስ ዴቪስ «ሶ ዋት» ውስጥ ፒያኒስቱ ቢል ኤቫንስ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፤ ቀጥሎም ሬ፣ ሶል፣ ዶ፣ ፋ፣ ላ የሚሉ ኮርዶችን ይመታል። የሁለቱም የታችኛዎቹ ሦስት ድምፆች ከላይ ከተዘረዘሩት የትዝታ ኮርዶች ጋር አንድ ናቸው። ድኻ የተባለው ቅኝት ለካ ባለጸጋ ኖሯል!

ይህ ሲባል ከቅኝቱ ውጭ ያለ ድምፅ ሁሉ ይከልከል ማለት አይደለም። የኢትዮ ጃዝ ፈር ቀዳጅ ሙላቱ አስታጥቄ የአገሩን ቅኝቶች ከጃዝ ኮርዶች ጋር አዋሕዷል። ልዩነቱ ባዕዱ ድምፅ ቅኝቱን እንዲያገለግል እንጂ እንዲገዛው ባለመደረጉ ላይ ነው።

ስለዚህ የሙዚቃ ተማሪ የሰባቱን ድምፆች ኮርድ ከመሸምደዱ አስቀድሞ፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በየተራ ይዞ ኮርዳቸውን በገዛ ጆሮው ይገንባ። የራሱን ቤት ምሰሶ ያልቈጠረ፣ የጎረቤቱን ምሰሶ አምጥቶ ቢያቆም ጣራውን ከማፍረስ በቀር የሚያተርፈው የለም።