ከመርሳ ወፍጮ ቤት እስከ ማንቸስተር

የዶክትሬት ትምህርታችንን በውጭ አገር በምንከታተልበት ወቅት አንዲት ነጻ ቀን አግኝተን የእንግሊዟን የኢንዱስትሪ ከተማ ማንቸስተርን እንደ ማንኛውም መንገደኛ ዞረን ተመልክተን ነበር። ያቺ ቀን በራሳችን እንድናፍር ስላደረገችን፣ ካሳፈረችንም በኋላ ስላስተማረችን ጥቂት ልንልባት ወደድን።

ጠዋት የጀመርነው እ.ኤ.አ. በ1830 ከተከፈተው የሊቨርፑል መንገድ የባቡር ጣቢያ ነው። ጣቢያው ዛሬ የሳይንስና ኢንዱስትሪ ሙዚየም አካል ነው። በዚያ ያየናቸው የጥጥ መፍተያ መሣሪያዎች እናቶቻችን በእንዝርት ከሚሠሩት የተለየ ነገር አይሠሩም፤ ጥጡን ይስባሉ፣ ያከርራሉ፣ ይጠቀልላሉ። ልዩነቱ እንዝርቱ በመቶዎች መብዛቱና የሚያሾረው ኃይል ከጣት ወደ እንፋሎት ሞተር መሸጋገሩ ነው። ከዚህ ብልጽግና ጀርባ የሕፃናት ጉልበትና በአሜሪካ ባሮች የተለቀመ ጥጥ እንደነበረም መዘንጋት አይገባም።

ከሰዓት በኋላ በከተማዋ አቅራቢያ በሴል ወደሚገኘው የብሩክላንድስ መካነ መቃብር አመራን። የቢራ ጠማቂ ልጅ የነበረው ጄምስ ጁል ያረፈው በዚያ ነው። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ 772.55 የሚል ቁጥር ተቀርጿል። ቁጥሩ ሥራ ምን ያህል ሙቀት እንደሚሆን ጁል የለካበት ነው። በዛሬ ስሌት፣ 1 ኪሎግራም ውሃ 427 ሜትር ያህል ወርዶ ጉልበቱ ሁሉ በውሃው ውስጥ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ ውሃው በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል።

በዚያ ቆመን ሳለ ትዝ ያለን የመርሳ ወፍጮ ቤት ነበር። በልጅነታችን ያስፈጨነውን ዱቄት ተሸክመን ስንመለስ ሙቀቱ ጀርባችንን ይፈጀን ነበር። ለምን እንደሚሞቅ ግን አንድም ቀን አልጠየቅንም። መምህር ከሆንን በኋላም የጁልን ሙከራ በሰሌዳ ላይ ስንሥል ዱቄቱን አላነሣነውም፤ ተማሪዎቻችንም 4.2 የሚለውን ቁጥር ለፈተና ሸመደዱት።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የወልድያ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በአካባቢያችን በርካታ የትምህርት ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ላቦራቶሪ እንዲሟላ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ወፍጮ ቤቱም የላቦራቶሪ ማጓደያ ሰበብ ሊሆን አይገባም። ይሁን እንጂ ላቦራቶሪው እስኪሟላ ድረስ ጥያቄያችንም አብሮ መዘጋት የለበትም።

ስለዚህ የወልድያና የሐብሩ ተማሪዎች ሆይ፣ ቴርሞሜትር ይዛችሁ ወፍጮ ቤት ሂዱ። ከቀበቶው ራቅ ብላችሁ፣ የእህሉን ሙቀት ሳይፈጭ፣ የዱቄቱንም እንደ ወጣ ለኩ። 1 ኪሎግራም ዱቄት በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 1.8 ኪሎጁል ገደማ ያስፈልጋል ብንል፣ በ20 ዲግሪ የሞቀ አንድ ኩንታል ዱቄት 3,600 ኪሎጁል፣ ማለትም 1 ኪሎዋት ሰዓት ተቀብሏል። ከዚያ የወፍጮውን የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ተመልከቱ። ቆጣሪው ከዚህ የበለጠ ማንበቡ አይቀርም። የቀረው ወዴት ሄደ? ይህን መጠየቅ የጀመረ ተማሪ ማንቸስተርን ባያይም ከጁል ጋር መነጋገር ጀምሯል እንላለን።