ለጉልበትዎ ሲመጡ ክንድዎን የምይዘው

ይድረስ ለእርስዎ፣ ጉልበቴን፣ ወገቤን ወይም ትከሻዬን ብለው ወደ ፊዚዮቴራፒ ተመላላሽ ክፍል ለሚመጡት።

ገና ሳይቀመጡ ግፊትዎን ልለካ ስል ይከፋዎት ይሆናል። በቀደም አንዲት እናት «ልጄ፣ የመጣሁት ለጉልበቴ ነው፤ ክንዴ ምን አደረገሽ?» አሉኝ። ስቄ አለፍኩ። መልሱን ግን ልጽፈው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ጎልማሳ ትከሻቸው አልነቃነቅ ብሎ መጡ። ኮት ለመልበስ እንኳ የቤት ሰው ያግዛቸው ነበር። በሳምንት ሁለቴ፣ ሁለት ወር ሙሉ፣ እጃቸውን ሳነሳ ሳወርድ ከረምኩ። የያዙት የውኃ ጠርሙስ ሥራችን ሳያልቅ ያልቃል፤ በመሀል «አንዴ ልውጣ» ብለው ወደ መጸዳጃ ይሄዳሉ። አየሁ፤ አልጠየቅኩም። ስኳር እንዳለባቸው የታወቀው ቆይቶ፣ እግራቸው ላይ የወጣ ቁስል አልድን ሲል ነው። የትከሻ መድረቅ ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ እንደሚበዛ ተምሬ ነበር፤ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ሐኪምዎ ወረፋ እያጣደፈው ጥቂት ደቂቃ ያይዎታል። እኔ ጋ ግን ግማሽ ሰዓት ይቆያሉ፣ ያውም ደጋግመው። ያን ሁሉ ጊዜ በማሸት ብቻ መፍጀት ብክነት ነው።

ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ስትሮክ ግማሽ አካላቸውን ይዟቸው ወደ እኛ ከሚመጡት ስንቱ «ደህና ነበርኩ እኮ» ይለኛል! የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 ደርሶ በሌላ ቀንም ከተደገመ ወደ ሐኪም እልክዎታለሁ፤ ጉልበትዎንም አልተውም። ቁጥሩ እንዳይሳሳት ከልኬቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ። ደረጃ ወጥተው እያለከለኩ ከሆነም መጀመሪያ አምስት ደቂቃ አረፍ ይበሉ።

ሌላው ነገር የልጆችዎ ፍቅር ነው። «እማዬ ጉልበቷን ያማታል፣ አትነሳ» እያሉ ውኃውንም ሪሞቱንም ያቀብላሉ። ጉልበትን የሚደግፈው የጭን ጡንቻ ግን ካልሠራ ይሟሽሻል። ከፍ ካለ ወንበር፣ እጅ ሳይደገፉ፣ ቀስ ብሎ መነሳትና መቀመጥ ይጀምሩ፤ በርጩማው ይቆይ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ይህን ስናገር ሰዉ ጂም ይመስለዋል። ከታክሲ ቀደም ብሎ ወርዶ ፈጠን ማለትም ይቆጠራል፤ ማውራት እየቻሉ መዝፈን ካቃተዎት ፍጥነቱ ልክ ነው።

እኚያ እናት ግፊታቸው 168 በ96 ነበር፤ በሌላም ቀን አልወረደም። አሁን ክኒን ጀምረዋል። ረቡዕ ለጉልበታቸው ሲመጡ ክኒኑን በፌስታል ይዘው እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ፤ እርስዎም የሚወስዱት መድኃኒት ካለ እንዲሁ ያድርጉ።

አክባሪዎ፣
የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎ