«ለክፍለ ሀገር ይበቃል!» - የረከሰው ቤዝ ጊታሩ ነው ወይስ እኛ?

«ወንድሜ፣ መካነ ሰላም ነው አይደል የምትወስደው? ታዲያ ምን አስጨነቀህ! ለክፍለ ሀገር ይበቃል!»

ይህን ያለኝ አዲስ አበባ ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ የሚሸጥ፣ ስሙን የማልጠራው ነጋዴ ነው። ጊዜው 2011 ዓ.ም. ነበር። የእህቴ ልጅ መካነ ሰላም ላይ ከጓደኞቹ ጋር የሠርግ ባንድ ሊያቋቁም ተነሥቷል። ኪቦርድ አላቸው፤ ሞንታርቦ ይከራያሉ፤ የጎደላቸው ቤዝ ጊታር ብቻ ነው። እህቴ ሁለት በግ ሸጠች፣ ልጁ በቀን ሥራ ያጠራቀማትን ጨመረባት፣ የቀረውን እኔ ሞላሁና ገዛሁት። ቀይ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ራሱ ላይ ዓለም የሚያውቀው የፋብሪካ ስም ያለበት! ስሙ ተለጣፊ ወረቀት መሆኑን ያወቅሁት በኋላ፣ በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ተነሥቶ ሲመጣ ነው።

ደሴ አደርኩ፤ ከደሴ በአቀስታ አድርጌ ቦረና ገባሁ። ልጁ ጊታሩን እንደ ሙሽራ ተቀበለው። ሞንታርቦው ላይ ሰክቶ ወፍራሟን ክር ባዶዋን ሲመታት ቤቱ ተንቀጠቀጠ፤ እኛም አጨበጨብን። ጣቱን አንገቱ ላይ ማስኬድ ሲጀምር ግን… ዝዝዝ! አምስተኛው ፍሬት ላይ ዝዝዝ፣ ሰባተኛው ላይ ዝዝዝ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ደግሞ ኪቦርዱ ሌላ ሀገር፣ ቤዙ ሌላ ሀገር!

ልጁ አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ወይስ የሱ?» አለኝ።

ውድ አንባቢ! የዚህ ጽሑፍ ነገር በሙሉ እዚች ጥያቄ ውስጥ ነው። መጥፎ መሣሪያ የሚዘርፈው ብር ብቻ አይደለም። የለመደ ሙዚቀኛ ጊታሩን አንስቶ በሁለት ደቂቃ «ይሄ ዕቃ ተበላሽቷል» ብሎ ያስቀምጠዋል። ጀማሪው ግን ጥፋቱን ከራሱ ይቆጥራል። «ጣቴ አልታደለም፣ ጆሮዬ አይሰማም» ብሎ ይተወዋል። ስንቱ ልጅ ነው እንዲህ ሆኖ የቀረ?

ለነጋዴው ስልክ ደወልኩለት። የመለሰልኝን መገመት አያቅታችሁም፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም!» ኧረ ለመሆኑ ይህን ሕግ ማን አወጣው? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈች ወረቀት አዋጅ ትሽራለች እንዴ?

ሁለት ዓይነት ንቀት

ከነጋዴው ሌላ ደግሞ በተቃራኒው በኩል የቆመ ናቂ አለ። እሱም የከተማው «ሊቅ» ነው። «ቤዝ ማለት ፌንደር ነው፣ ሌላው ማገዶ ነው» ይልሃል። ይህም ቢሆን ውሸት ነው!

ራሱ ፌንደር ምንድነው? ሊዮ ፌንደር ካሊፎርኒያ ውስጥ ሬዲዮ ይጠግን የነበረ ሰው ነው፤ ጊታር እንኳን መጫወት አይችልም ነበር። በ1951 እ.ኤ.አ. «ፕሪሲዥን» ያለውን ቤዝ ለገበያ ሲያቀርብ የሠራው የቤተ መንግሥት ጌጥ አልነበረም። ጠፍጣፋ እንጨት፣ በብሎን የታሰረ አንገት፣ አራት ክር፣ በፋብሪካ በብዛት የሚመረት የሥራ ዕቃ ነው። ዛሬ ስኳየር በሚለው ስሙ ራሱ የፌንደር ኩባንያ ርካሽ ቤዝ ይሸጣል፤ ያማሃም አይባኔዝም ለጀማሪ የሚሆን አላቸው። ውጭ ሀገር ከ200 እስከ 300 ዶላር ባለው ዋጋ ሠርግ የሚያሟሙቅ፣ ስቱዲዮም የሚገባ ቤዝ ይገኛል። እንግዲህ ርካሽ መሆን በራሱ ወንጀል አይደለም። ወንጀሉ ሳይፈተሽ መሸጥ፣ ሳይፈተሽም መግዛት ነው።

«ቤዝ ደግሞ ማን ይሰማዋል?» የሚልም አይጠፋም። በ1975 እ.ኤ.አ. ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር «እሬ መላ መላ»ን ሲሠራ ከሥር ሆኖ የሚያንደረድረው ማን ነው? ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ ነው! የዋልያስን «ሙዚቃዊ ስልት» ስትሰሙ እግራችሁን የሚያስነሣው የመላኩ ገብሬ ቤዝ አይደለም? ኋላ ባንዱ ሳስቶ ሁሉ ነገር ወደ ኪቦርድ ሲገባ፣ ቤዙም የኪቦርድ ተጫዋች የግራ እጅ ሥራ ሆኖ ቀረ። ዘፈኑ ምን እንደ ጎደለው ጆሮ ያለው ያውቃል።

ለወሎ ሰው ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የወሎ ምድር ስም የያዙ ናቸው። የቦረና ልጅ ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ የሰማው ቅኝት ነው። ቅኝቱ አምስት ድምፅ ብቻ ስለሆነ አንዱ ከተንሻፈፈ የሚደበቅበት የለም። አንቺሆዬ ላይማ ግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ኖታዎች ስላሉ፣ ፍሬቱ የተዛባ ቤዝ ወዲያው ይጋለጣል። «ለክፍለ ሀገር ይበቃል» ባዩ ነጋዴ ያልገባው ይህ ነው፤ የክፍለ ሀገሩ ጆሮ ከሱ ጆሮ ይበልጣል!

እንግዲህ እንዲህ ፈትሹ

ልትገዙ ስትሄዱ ቀለሙንና ስሙን እርሱት። መጀመሪያ አንገቱን እንደ ጠመንጃ ዓይናችሁ ላይ ደግናችሁ ከራሱ እስከ አካሉ እዩት። ከዚያ አንዱን ክር መጀመሪያውና መጨረሻው ፍሬት ላይ ባንድ ጊዜ ተጫኑት። መሐል ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ቀጭን ካርድ የሚያሳልፍ ክፍተት ቢኖር ደህና ነው። ክፍተቱ ከሰፋ ወይም ጨርሶ ከሌለ፣ አንገቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ በቁልፍ ተዙሮ ይስተካከላል። እንደ ገመድ የተጠማዘዘ አንገት ግን መድኃኒት የለውም፤ ጥላችሁት ውጡ!

ቀጥሎ መዳፋችሁን በአንገቱ ጠርዝ አስኬዱት። መሣሪያው እርጥበት ባለበት ሀገር ተሠርቶ፣ በጅቡቲ ሙቀት አልፎ፣ የደጋ የበጋ አየር ሲያገኘው እንጨቱ ይደርቅና ይኮማተራል። ብረቱ ግን አይኮማተርም፤ ጫፉ ወጥቶ እጅ ይቧጭራል። እሱ በሞረድ ይስተካከላል፤ ግን ከዋጋው አስቀንሱበት።

ሦስተኛ፣ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ብረት ላይ ክሩን ሳትጫኑ ነካ አድርጋችሁ ምቱ፤ እንደ ደወል ይጮኻል። ከዚያ ተጭናችሁ ምቱ። ሁለቱ አንድ ድምፅ ካልሆኑ ክሩ የሚያርፍበት ብሪጅ መስተካከል አለበት። ሻጩ እዚያው ያስተካክለው፤ አልስተካከል ካለው አትግዙ።

አራተኛ፣ እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ ምቱ። አዎ፣ ሁሉንም! ሻጩ ቢነጫነጭ ይነጫነጭ። የሚንዛዛውንና የሚሞተውን ድምፅ የምታገኙት እንዲህ ነው። ከዚያ ቃኝታችሁ አሥር ደቂቃ ተጫወቱበትና ቅኝቱ ወርዶ እንደሆነ እዩ፤ ማጥበቂያው የማይዝ ከሆነ ሠርግ ላይ ያዋርዳችኋል። ቁልፉ ሲዞር መንኮሻኮሹ ግን ቀላል ነው፤ ሬዲዮ ጠጋኝ ያጸዳዋል።

የሒሳቡ ነገር

ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። የ200 ዶላር ቤዝ ያለ ቀረጥና ያለ ትርፍ 11,400 ብር የነበረው፣ ከ20,000 በላይ ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ ኬብሉና ትርፍ ክሩ አለ፤ ድምፅ ማጉያው አለ። ዱሮ «ተሳስቼ ገዛሁ» ማለት ይቻል ነበር። አሁን ስህተቱ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቁጠባ ነው!

ለሹማምንቱም አንድ ነገር እንበል። ለኪነት ቡድን የሙዚቃ መሣሪያ የሚገዛው እንደ ወረቀትና እንደ እስክሪብቶ «ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ አሸነፈ» ተብሎ ከሆነ፣ አሸናፊው መጋዘኑ ነው። ከግዢ ኮሚቴው ውስጥ አንድ ቤዝ የሚመታ ሰው ቢቀመጥና «ተመቶ ሳይፈተሽ ርክክብ የለም» ቢባል ምን ይጎዳል? ደረሰኙን የሚያየው ዓይን ሞልቷል፤ ድምፁን የሚሰማ ጆሮ ነው የጠፋው።

ያንን ቀይ ጊታር መጨረሻ ያየልን አንድ የመካነ ሰላም መሰንቆ መቺ ሽማግሌ ነበሩ። ቤዝ ጊታር በእጃቸው ይዘው አያውቁም። አንገቱን ወደ ዓይናቸው አንስተው፣ አንድ ጊዜ አይተው፣ «ልጄ፣ ይህ እንጨት ሳይደርቅ የተሠራ ነው፤ ተጠማዟል። ጥፋቱ ያንተ አይደለም» አሉት። ነጋዴው «ለክፍለ ሀገር ይበቃል» ያለውን፣ የክፍለ ሀገሩ ሰው በአንድ እይታ መርምሮ ጣለው!

ጊታሩ እስከ ዛሬ እህቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ልጁ ኪቦርድ ይመታል፤ ቤዙን በግራ እጁ።

«ለክፍለ ሀገር ይበቃል» ማለት ይብቃ!