ለመንደር ጀግና ነው አሉን

የአፊሌ መታሰቢያ ጠበቆች ክርክራቸው አጭር ነው። ትንሽ ከተማ ለገዛ ወታደሯ ድንጋይ አቆመች፤ ኢትዮጵያውያንን ምን አገባቸው? ይላሉ።

ያገባናል። ከሮም በስተምሥራቅ፣ ኮረብታ ላይ ባለችው በዚህች ከተማ በ2012 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ግንብ የተሠራው ለተርታ ወታደር አይደለም፤ ኢትዮጵያን ከወረሩት የፋሺስት ኢጣሊያ የጦር አዛዦች አንዱ ለነበረው ለማርሻል ሮዶልፎ ግራዚያኒ ነው። ገንዘቡም ከመንደርተኛው ኪስ ብቻ አልወጣም፤ የላትሲዮ ክልል መንግሥት ለመናፈሻ ብሎ የሰጠው ነበር። (የትውልድ ቦታውም እዚያ አይደለም፣ ፊሌቲኖ ነው። ይሁን፣ ያደገበትና የተቀበረበት መሆኑን አንክድም።)

«አገር» እና «ክብር» የሚል ጽፈውበታል። የትኛው ክብር? በደቡብ ግንባር የመርዝ ጋዝ ያዘነበው? ወይስ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የግድያ ሙከራ ስለተደረገበት አዲስ አበባ ለሦስት ቀን የታረደችበት? በዚያው ዓመት ግንቦት ደብረ ሊባኖስ ላይ 297 መነኮሳት መረሸናቸውን ለሮም በቴሌግራም ያስታወቀው ራሱ ነው። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች የሟቾቹን ቁጥር ከዚያ እጅግ ከፍ ያደርጉታል።

«በሕግ ተጠይቋል፣ ይበቃዋል» የሚሉትስ? በ1950 እ.ኤ.አ. 19 ዓመት የተፈረደበት ከጀርመን ጋር በመተባበሩ ነው፤ በወራት ውስጥም ተፈታ። በኢትዮጵያ ስለፈሰሰው ደም አንድም ችሎት ፊት አልቆመም። ስለዚህ ዕዳው አልተከፈለም፤ ባለዕዳውን ለሚሸልሙት ደግሞ ዝም አንልም።