ወረቀቱ ሳይመጣ እንደራጅ

በዋሽንግተን ዲሲ በኪራይ ቤት የምትኖሩ ወገኖቻችን ሆይ!

በአዳምስ ሞርጋን፣ በሾው፣ በኮሎምቢያ ሃይትስና በፔትዎርዝ ኑሮ የመሠረትነው በላባችን ነው። ታክሲ ነዳን፤ ፓርኪንግ ጠበቅን፤ የሆቴል አልጋ አነጠፍን፤ ጭር ባለ ጎዳና ላይ ምግብ ቤት ከፈትን። ሰፈሩ ሲያምርና ሲወደድ ግን ለእኛ የተረፈን ስንብት ሆነ። ስንቱ ቤተሰብ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሜሪላንድና ወደ ቨርጂኒያ ሄደ! የቀረውም ሁለት ሥራ እየሠራ፣ ሻጋታ በበላው ግድግዳ መካከል ልጆቹን በአንድ ክፍል ደራርቦ ያሳድጋል። ይህን እንደ ዕጣ ፈንታ ተቀብለን መኖር ይብቃን!

በዚህች ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ «ቶፓ» የሚባል ሕግ አለ። ባለንብረቱ ሕንፃውን ሊሸጥ ሲነሣ፣ አስቀድሞ ለተከራዮቹ የመግዛት ዕድል እንዲሰጥ ያስገድዳል። ሕጉ በየጊዜው ተሻሽሏል፤ የማይመለከታቸው ሕንፃዎችም አሉ። ብዙ አሮጌ አፓርትመንቶች ግን ዛሬም በሥሩ ናቸው። ተከራዮች ተባብረው ሕንፃውን በጋራ መግዛት ይችላሉ። አቅም ቢያጥራቸው መብታቸውን ለመረጡት ገዢ አስተላልፈው፣ ስለ ጥገናውና ስለ ኪራዩ ልክ ይደራደራሉ። በዚህ መንገድ ከሰፈራቸው ሳይነቀሉ የቀሩ ድኾች ዲሲ ውስጥ ጥቂት አይደሉም።

ነገር ግን መብቱ ቀን ተቆርጦለታል። አምስትና ከዚያ በላይ ቤቶች ባሉት ሕንፃ ማኅበር ከሌለ፣ የሽያጩ ማስታወቂያ ከደረሰ በኋላ ማኅበር አቋቁሞ ፍላጎትን ለማሳወቅ የሚሰጠው ጊዜ 45 ቀን ነው። አንዱ የሌሊት ተረኛ፣ ሌላው የቀን፤ አንዱ እንግሊዝኛው የሚቸግረው፣ ሌላው ጎረቤቱን በስም የማያውቅ ሆኖ 45 ቀን የት ያደርሰዋል? ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። ደጃፋችንን እንጠብቅ!

መደራጀትን ማንም አያስተምረንም። እቁባችን ዳኛና ጸሐፊ አለው። ወገን ሲሞትብን አስከሬኑን አገር ቤት ለማድረስ በጥቂት ቀናት ገንዘብ እናሰባስባለን። ለሙት ያልለገመ እጃችን ለሕያዋን ቤት አይለግም!

ለብቻችን ግን አንችለውም፤ ማኅበሩ የሕንፃውን አብዛኛውን ቤተሰብ መያዝ አለበት። ስለዚህ የሳልቫዶሩን ጎረቤታችሁን በር አንኳኩ። ጥቁር አሜሪካዊቷን እናት ቡና ጥሯት፤ ከእኛ በፊት እዚህ የኖሩት፣ ቀድመው የተገፉትም የእርሷ ወገኖች ናቸውና። ሕንፃው ሲሸጥ ሁላችንም በአንድ ወረቀት እንሰናበታለን፤ በአንድ ወረቀት ላይ ፈርመን እንቁም!

ቋንቋም አያስፈራችሁ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣችው የቋንቋ ሕግ መሥሪያ ቤቶቿ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያዛል፤ አማርኛም በከተማዋ ከሚያገለግሉት ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። ለተከራዮች የቆመው የከተማው ጽሕፈት ቤት ምክር የሚሰጠው በነፃ ነው። ደውሉ፤ «አማርኛ» በሉ፤ ጠይቁ።

ካህናት ሆይ፣ ከቅዳሴ በኋላ አስታውቁ! ኢማሞች ሆይ፣ ከጁምዓ በኋላ ተናገሩ! እዚህ ያደጋችሁ ወጣቶች፣ ለወላጆቻችሁ ደብዳቤውን አንብቡላቸው፤ ስብሰባውን አስተርጉሙ! እናንት ተከራዮች፣ በዚህ ሳምንት ሦስት በር አንኳኩ፤ በዚህ ወር ተሰብስባችሁ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ምረጡ፤ መተዳደሪያ ደንባችሁን ጻፉ! ማስታወቂያው በመጣ ጊዜ የተደራጀ ሕዝብ ይጠብቀው። በላባችን ባቀናነው ሰፈር ልጆቻችንን የማሳደግ መብት አለን፤ ተነሡ፣ መብታችንን አብረን እናስከብር!