በህንዳዊቷ ሰዓት ሳቅኩ፤ የራሴን ግን አላውቀውም ነበር

ዱባይ አብራኝ የምትሠራ የታሚል ናዱ ልጅ አለች። ሰኞ ጠዋት፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1፡30 እስከ 3፡00 ገደማ፣ አዲስ ነገር አትጀምርም። ውል አትፈርምም፣ ትኬት አትቆርጥም። "ራሁ ካላም ነው፤ ይለፍ" ትላለች። እኔም ሳቅኩባት።

አልተቀየመችም። ስልኳን አውጥታ ፓንቻንጓን አሳየችኝ። ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ ያለው ጊዜ ለ8 ይከፈላል፤ የሰኞ ራሁ ካላም ሁለተኛው ክፍል ነው። የፀሐይ መውጫ ሲቀየር እሱም አብሮ ይንሸራተታል።

ፓንቻንግ "ባለ አምስት አካል" ማለት ነው፦ የጨረቃ ቀን (ቲቲ)፣ የሳምንቱ ቀን፣ ጨረቃ ያለችበት የኮከብ ክፍል፣ ዮጋ እና ካራና። ጨረቃ ከፀሐይ 12 ዲግሪ በራቀች ቁጥር አንድ ቲቲ ያልፋል። የጨረቃ ፍጥነት እኩል ስላልሆነ አንዱ ቲቲ 20 ሰዓት፣ ሌላው 26 ሰዓት ገደማ ሊሆን ይችላል። ቀኑ የሚጠራው ፀሐይ ስትወጣ ባለው ቲቲ ነው። ስለዚህ አንዳንዴ ቁጥር ይዘለላል፣ አንዳንዴ ደግሞ ይደገማል።

ከዚያ "ቀንና ሌሊቱ 60 ጋቲ ነው፤ አንዱ ጋቲ 24 ደቂቃ" ስትለኝ ደነገጥኩ። የእኛም ባሕረ ሐሳብ እኮ ዕለትን በ60 ኬክሮስ ይከፍላል! አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ። ልጅ ሆኜ መሪጌታ አጎቴ ሊያስተምሩኝ ሲሉ ሮጬ ያመለጥኩት ነገር ነው። "የእናንተስ እንዴት ነው?" አለችኝ። ከ"13 ወር ጸጋ" ሌላ የምናገረው አጣሁ።

በራሁ ካላም አላምንም፤ እናንተም እመኑ አልልም። እኛስ ገደ ቢስ ቀን እንል የለ? የኔ ነገር ሌላ ነው።

ህንድ በ1952 እ.ኤ.አ. በሳይንቲስቱ ሜግናድ ሳሃ የሚመራ ኮሚቴ አቋቁማ የቀን መቁጠሪያዎቿን አስጠናች፤ 30 ያህል ሆነው ተገኙ። ከማርች 22 ቀን 1957 ጀምሮም አንድ ብሔራዊ መቁጠሪያ ከጎርጎርዮሱ ጎን ሥራ ላይ አዋለች። ሕዝቡ ግን ዛሬም ለበዓሉና ለሠርጉ የሚያየው የየአካባቢውን ፓንቻንግ ነው። መቁጠሪያን የሚያኖረው አዋጅ ሳይሆን ጠዋት ጠዋት ገልጦ የሚያየው ሰው ነው።

እኛ ደግሞ የራሳችንን የምናነሳው ለዕንቁጣጣሽ ነው፣ ወይ ሰው ሲሰድብብን። ስንኮራበት አንደኛ ነን፤ አስረዱ ስንባል ግን ዝም።

አጎቴ ጋ ደወልኩ። ጆሯቸው ከብዷል። "ይሄ በስልክ የሚሆን አይደለም፣ ና" አሉኝ። የዓመት ፈቃዴን ለዚያ አድርጌዋለሁ፤ እንዳይቀድመኝ ነው የምፈራው።

እናንተም ቤት የሚያውቅ አዛውንት ካለ፣ ዛሬውኑ ጠይቁ።