ሣጥኑን የተሸከመው ማን ነበር?

በአውሮፓ ከተሞች የአሮጌ ዕቃ መሸጫዎችና የጨረታ አዳራሾች ውስጥ ከሚወደዱት ዕቃዎች አንዱ የቅኝ ገዢ መኮንን የመጠጥ ሣጥን ነው። ከጠንካራ እንጨት የተሠራ፣ ማዕዘኖቹ በናስ የተለበጡ፣ ውስጡ ከፋይ የለበሰ፣ አራት ማዕዘን የብርጭቆ ጠርሙሶች እንዳይጋጩ በየጎድጓዳቸው የሚቀመጡበት ሣጥን ነው። መኮንኑ በእስያም ሆነ በአፍሪካ ሲዘምት ኮኛኩንና ዊስኪውን በዚህ ያስይዝ ነበር። ዛሬ ሰብሳቢው የናሱን ጌጥ፣ የብርጭቆውን ጥርበት፣ የሠሪውን ማኅተም ያደንቃል። ሣጥኑን ተሸክሞ ዳገት የወጣው ሰው ግን በሻጩ መዝገብ ላይ ስም የለውም።

ከሣጥኑ ክፍሎች ሁሉ ይበልጥ የሚናገረው ቁልፉ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በእንግሊዝ አገር አንድ ዓይነት የጠርሙስ ማስቀመጫ ተስፋፍቶ ነበር፤ ጠርሙሶቹ ለዓይን ይታያሉ፣ ነገር ግን በላያቸው የሚያልፍ ዘንግ ስለ ቆለፋቸው ያለ መክፈቻ አይነሡም። ስሙንም ታንታለስ አሉት፤ በግሪኮች ተረት ውኃ ውስጥ ቆሞ በጥም እንዲቃጠል የተፈረደበት ንጉሥ ስም ነው። የተቆለፈበት ማን እንደ ነበር አያጠያይቅም፤ የሚያቀርበው፣ የሚያጥበውና የሚወለውለው አሽከር ነው። ሰብሳቢው ቁልፉ እስከ ዛሬ ይሠራል ተብሎ ዋጋ ሲጨመርበት፣ የሚከፍለው ለዚያ ንቀት ጭምር መሆኑን ሊያውቅ ይገባዋል።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ የሚመስለው ቢኖር ፊቱን ወደ ዋግ ይመልስ። በ1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር ከቀይ ባሕር ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲገሰግስ፣ የዋግና የላስታ ገዢ የነበሩት ዋግሹም ጎበዜ ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ተጣልተው ስለ ነበር መንገዱን አልዘጉበትም። ጦሩ ሲመለስ ግን መድፍና ጠመንጃ ትቶ የሄደው ለትግራዩ ገዢ ለካሣ ምርጫ፣ ለኋለኛው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ነበር። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡት ጎበዜም በሐምሌ 1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ በዚያ መሣሪያ በተጠናከረ ጦር ድል ሆኑ። ከመቅደላ የተዘረፈውን ሀብት ደግሞ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች ተሸክመው ወጡ፤ በደላንታ ሜዳም ለሁለት ቀን በጨረታ ተቸበቸበ።

ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 2013 ዓ.ም.፣ በእንግሊዝ አገር በዶርሴት ከመቅደላ የተወሰዱ የቀንድ ዋንጫዎችና አንድ የብራና መጽሐፍ ለጨረታ ቀረቡ። የኢትዮጵያ ኤምባሲ ተቃወመ፤ ዕቃዎቹም ከጨረታው ወጡ። ኋላም የሼኸራዛድ ፋውንዴሽን ገዝቷቸው ከሌሎች የመቅደላ ቅርሶች ጋር በጳጉሜን 2013 ዓ.ም. ለንደን ላይ አስረከበ፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ዋንጫዎቹ ለአገራቸው የበቁት ከየት እንደ ተነሡ ስለ ታወቀ ነው። ታሪኩ የጠፋበት ዋንጫ ግን ማንም ገዝቶ መደርደሪያው ላይ ቢያስቀምጠው ከሳሽ የለውም። እንግዲህ ዕቃ ሁለት ጊዜ ይዘረፋል፤ መጀመሪያ ከባለቤቱ እጅ፣ ቀጥሎ ከታሪኩ።

ይሁን እንጂ ወቀሳው ባሕር ማዶ ብቻ ተሻግሮ አይቅር። ሁለተኛውን ዝርፊያ የፈጸመው የባዕድ ሰው ብቻ አይደለም። በመሳፍንቱ አዳራሽ ግብር ሲገባ እንግዳው እንደ ማዕረጉ ተቀምጦ እንደ ማዕረጉ ይጠጣ ነበር፤ ለላይኛው ጠጅ፣ ለታችኛው ጠላ። ቀንዱን ጠርቦ ዋንጫ ያወጣው፣ ጭቃውን አቡክቶ ጋንና ገንቦ የሠራው እጅ ግን ቡዳ ተብሎ ተፈራ፣ ተናቀ፣ ከጋብቻና ከርስት ተገለለ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ሠሪውን የናቀ ኅብረተሰብ ሥራውን በርካሽ ሲያስወስድ ኖረ፤ ዛሬም በብዙ ዐውደ ርእይ ላይ የሚጻፈው ዋንጫው የየትኛው መስፍን እንደ ነበር እንጂ ማን እንደ ሠራው አይደለም።

አንዳንዱ፣ ብርሌውስ ከባሕር ማዶ የመጣ ብርጭቆ አይደለምን ብሎ ይሞግት ይሆናል። መጣ፤ ነገር ግን በንግድ መጣ፤ ሕዝቡም ስም አወጣለት፣ ከጠጁ ጋር አዋሐደው፣ የጨዋታና የዘፈን ባልደረባ አደረገው። አሳላፊው ከመስጠቱ በፊት ከጠጁ በመዳፉ ቀድቶ የሚቀምሰውም የመርዝ ጥርጣሬ ስለ ነበረ መሆኑ መሸፈን የለበትም። ጥያቄው የትኛው ዕቃ የእኛ፣ የትኛው የእነርሱ ነው የሚል አይደለም፤ ታሪኩ ከነክፉውና ከነደጉ አብሮት ይቀመጣል ወይስ ተፍቆ ይጣላል የሚል ነው።

በዋግ ምድር ይህ ጥያቄ ደም አለበት። ጣልያንን በዱር በገደል የተዋጉት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በመስከረም 1930 ዓ.ም. ተይዘው አንገታቸው ተቆረጠ። የዚያ ዘመን የጣልያን መኮንን ጠርሙስ በአንድ ሳሎን ለጌጥ ሲቀመጥ፣ ይህ ነገር አብሮ ካልተነገረ ጌጡ ውሸት ነው። ጠርሙሱ ይሰበር የሚል የለም፤ ይመስክር እንጂ።

ምስክርነቱ ደግሞ ሊቃውንትን ከሩቅ እስኪያመጡ አይጠብቅም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ነገር ግን መዝገብ የሚሞላው ሰው ነው። የሰቆጣ መምህር ተማሪዎቹን ወደ አያቶቻቸው ቤት ይላክ። በዋግ ማር የተጣለው ጠጅ የሚቀዳበትን ዕቃ፣ በኽምጣኛም በአማርኛም ስሙን፣ የሠሪዋንና የሠሪውን ስም፣ ማን ጠጥቶበት ማን ተከልክሎበት እንደ ነበር በደብተር ያስጽፍ። የባህል ሠራተኛው ደብተሩን ይጠብቅ፤ የቴአትር ሰውም ከመስፍኑ ይልቅ አሳላፊዋን ወደ መድረክ ያውጣ።

ሰብሳቢው ሣጥኑን ይያዝ፤ ነገር ግን ከናሱ ጎን የተሸካሚውን ትከሻ ይጻፍ። ይህን የማይጽፍ ሰብሳቢ ቅርስ ጠባቂ ሳይሆን የዚያ ቁልፍ የመጨረሻ ባለቤት ነው።